ያገለገለ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ከመግዛታችን በፊት

ለዛሬ ያዘጋጀነው ንግግር ወጣቶቻችን ስለሚመኙት ያገለገለ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ነው። ወላጆችም ጆሮ ብትሰጡን መልካም ነው። መኪናውን የሚነዳው ልጅ ቢሆንም፣ ለባንክ ብድሩ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ብዙ ጊዜ አባት ወይም እናት ነውና።

ፎርድ ሙስታንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በኒውዮርክ ለሕዝብ ሲቀርብ መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። ደመወዝተኛ ወጣት እንዲገዛው የታሰበ መኪና ነው። ወደ እስራኤል ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1985 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የነፃ ንግድ ስምምነት የጉምሩክ ቀረጥን ቢያስቀርም፣ እስከ 83 በመቶ የሚደርሰው የግዢ ግብርና የተጨማሪ እሴት ታክሱ አልቀሩም። ስለዚህ አዲሱ ውድ ነው። ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ ወጪው ግን አብሮ አይወርድም። ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር ቤንዚን ይጠጣል፤ መለዋወጫው ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ ታዝዞ ይመጣል፤ እስኪመጣም መኪናው ጋራዥ ይቆማል። በቂርያት ጋት ተቀምጦ ቤር ሼባ ወይም አሽቀሎን ለሚሠራ ሰው፣ መኪናው በቆመ ቁጥር የአውቶቡስ ወይም የባቡር ወጪ ይጨመርበታል።

በአገራችን በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ፣ ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋ ገጣባ እንዳለው ሳይመረምር ገንዘቡን አይቆጥርም ነበር። መኪናም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ቀለም ገጣባ ይሸፍናል። ስለዚህ ሻጩ ወደሚመርጠው ጋራዥ ሳይሆን፣ እናንተ ወደመረጣችሁት የመኪና መመርመሪያ፣ በዕብራይስጥ «ማኮን ብዲካ» ወደሚባለው ውሰዱት። ዋጋውን «መሒሮን» ከተባለው የዋጋ ዝርዝር፣ ለምሳሌ ከሌዊ ይስሐቅ ጋር አስተያዩ። ከአሜሪካ በቀጥታ የመጣ ከሆነ ቆጣሪው በማይል ሊሆን ይችላል። 100,000 ማይል ማለት ወደ 161,000 ኪሎ ሜትር ነው። የፍጥነቱንም እንዲሁ አስቡ፤ በከተማ ውስጥ የተፈቀደው 50 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሳለ፣ መርፌው በማይል 50 ላይ ከሆነ ወደ 80 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። መኪናው በዕዳ የተያዘ ወይም የታገደ እንዳይሆን፣ «ሺዕቡድ» ወይም «ዒቁል» እንዳለበት አስመርምሩ። ዕዳውን የሠራው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ መኪናው ከእጃችሁ ሊወሰድ ይችላል። የባለቤትነት ዝውውሩ በፖስታ ቤት ወይም በመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ሳይፈጸም ሙሉውን ገንዘብ አትስጡ። የምትሸጡም ብትሆኑ ስሙ ሳይዛወር ቁልፉን አታስረክቡ። የመንገድ ቁጥር 6 ክፍያና የትራፊክ ቅጣት የሚላከው በመዝገብ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው።

ስለ ኢንሹራንስ በደንብ እንድታስተውሉ እንለምናለን። «ቢቱአሕ ሖቫ» የተባለው የግዴታ መድን የሚከፍለው ለሰው አካል ጉዳት ብቻ ነው፤ ለመኪና ስብራት አይከፍልም። ያለ እርሱ የነዳ ባለ መኪና ቢጎዳ፣ በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት ካሣ አያገኝም። በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት «ጻድ ጊሜል» ወይም «መቂፍ» ለብቻው ይገዛል። ከ24 ዓመት በታች ለሆነና ለአዲስ ነጂ፣ በተለይ ለኃይለኛ ሞተር፣ መድኑ ይወደዳል። ዋጋ ለመቀነስ ብሎ ውሉን በአባት ስምና ዕድሜ ብቻ አስጽፎ ልጅ ቢነዳው፣ አደጋ በደረሰ ቀን መድን ሰጪው ለመኪናው አልከፍልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሒሳቡን ጠይቁ።

ከሠራዊት የተሰናበታችሁ ልጆቻችን ሆይ! «ፒቃዶን» የተባለው ገንዘባችሁ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለትምህርት፣ ለቤት፣ ለሠርግ፣ ለንግድ ሥራና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ነው፤ መኪና ለመግዛት አይፈቀድም። በእርሱ ፈንታ ባንክ ገብቶ መበደር ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። አባቶችም በዕብራይስጥ የተጻፈ የዋስትና ወረቀት ተተርጉሞ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ልጁ መክፈል ቢያቅተው ባንኩ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

ወጣት መኪና ቢወድ ነውር የለበትም። ሠርቶ፣ ቆጥቦ፣ አስመርምሮ የገዛ ደስ ብሎት ይነዳል። በችኮላ ለሚገዛ ግን አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል።