የቀጭኗ ቧንቧ ጥቅም
(ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 ዓ.ም. በስቶክሆልም ናይትሮግሊሰሪን የሚሠራበት ቤት ፈንድቶ የአልፍሬድ ኖቤል ታናሽ ወንድም ኤሚል ሞተ። እንዲህ ያለው ቅመማ ብርቱ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ጥፋት ይሆናል።

በትልቅ ድስት ያለ ወጥ ቶሎ እንደማይበርድ፣ በጭልፋ የተቀዳው ግን ወዲያው እንደሚቀዘቅዝ እናቶቻችን ያውቃሉ። የማይክሮሪአክተርም ምሥጢር ይኸው ነው። ዲያሜትሩ 1 ሜትር በሆነ ቧንቧ ለ1 ሜትር ኩብ ፈሳሽ የሚደርሰው ግድግዳ 4 ካሬ ሜትር ነው፤ ቧንቧው ወደ 1 ሚሊሜትር ሲጠብ 4000 ይሆናል። ስለዚህ ሙቀቱ እንደ ተፈጠረ ይወገዳል፤ በግድግዳው ላይ የተለበጠ ካታሊስትም ፈሳሹን በቅርብ ያገኘዋል። በውስጡ ያለው ጥቂት ስለሆነ፣ አደጋ ቢደርስ እንኳ ጉዳቱ ያንሳል።

«ታዲያ ብዙ ምርት ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ቧንቧውን ማስፋት ሳይሆን ማብዛት፣ ሌትና ቀንም ሳያቋርጡ ማስፈሰስ ነው። እንከን የለውም አልልም፤ ጠጣር ነገር ሲፈጠር ቧንቧው ይደፈናል።

ጓደኞቼ፣ የድስቱ ትልቅነት ብቻ የዕድገት ምልክት አይደለም። የሠራተኛውን ሕይወት የሚጠብቅ ዕቃ ትንሽም ቢሆን ታላቅ ነው።