ለጋራዥ ማሠልጠኛዎቻችን ቀለም ማስለቀቂያ ቅንጣት ስለ መምረጥ
(ለሰበካ ጉባኤያትና ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ርእሳችን ለካህናት ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ከአሮጌ የመኪና አካል ላይ ቀለምና ዝገት ለማስለቀቅ በኮምፕረሰር ግፊት የሚረጨው ቅንጣት ምን ይሁን የሚል ነውና። ነገር ግን ለሥራ አጥ ወጣቶች የላሜራና የቀለም ሥራ ማሠልጠኛ ለመክፈት ያሰቡ አጥቢያዎች በሚልኩልን የግዥ ዝርዝር ውስጥ መርጫ ማሽኑ ከተጠቀሰበት መሥመር ቀጥሎ «አሸዋ፤ ከወንዝ፤ ያለ ዋጋ» የሚል እናነባለን። ወደዚህ ያመጣን ይህ «ያለ ዋጋ» የሚለው ቃል ነው።

ብዙ የወንዝ አሸዋ ኳርትዝ የተባለውን የሲሊካ ማዕድን ይይዛል። አሸዋው በግፊት ተወርውሮ ብረቱን ሲመታ ይደቅቃል፤ ከሚደቀው ውስጥ እጅግ የላመው ብናኝ ለዓይን አይታይም፤ አየር ላይ ለረጅም ጊዜ ተንሳፎ ይቆያል፤ ሲተነፍሱትም እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። በዚያም ሳንባውን ያቆስላል፤ ቁስሉም ጠባሳ ይሆናል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ ሲሆን፣ ብናኙ በበዛበት የአሸዋ ርጭት ሥራ ላይ ግን በጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሰውን ይጥላል። በሲሊካ የተጎዳ ሳንባ ለሳንባ ነቀርሳ እጅግ የተጋለጠ መሆኑም በአገራችን ሁኔታ ሊታሰብበት ይገባል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ብሪታንያ የሲሊካ አሸዋን ለዚህ ሥራ መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ1950 ከልክላለች። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1974 ከመቶ አንድ እጅ በላይ ነጻ ሲሊካ ያለበት ቅንጣት እንዳይረጭ አሳስቧል። በቱርክ የጂንስ ልብስ ለማስረጀት አሸዋ ሲረጩ የነበሩ ወጣት ሠራተኞች በዚሁ በሽታ ከተቀጠፉ በኋላ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ታግዷል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከላይ ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ወጣቱን ወደ ማሠልጠኛው የምንጠራው እኛ ነንና መከታውን መሥራትም የእኛ ድርሻ ነው።

እንግዲህ በአሸዋው ፈንታ ምን ይረጭ? አንድ መልስ ለሁሉም አይሆንም፤ ብረቱን ማየት ያስፈልጋል። ለሻንሲ፣ ለብረት ቸርኬና ለመሳሰሉት ወፍራም ክፍሎች ጋርኔት ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ተስማሚ ነው። ከ1 እስከ 10 በሚቆጠረው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ ጋርኔት ከ7 እስከ 8፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ 9 ገደማ ናቸው። ዝገትን ያነሣሉ፤ አዲሱ ቀለም የሚይዝበት ሸካራ ገጽም ይተዋሉ። ዋጋቸው ያስደነግጥ ይሆናል። ሆኖም አሸዋ በመጀመሪያው ምት ሲደቅ፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ እየተሰበሰበና እየተነፋ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ስለዚህ የኪሎውን ዋጋ ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል።

ኮፈን፣ በርና ፓራፋንጎ ግን ስስ ላሜራ ናቸው። ጠንካራ ቅንጣት በከፍተኛ ግፊት ሲያርፍባቸው ይጣመማሉ። ብዙ ባለሙያዎች ጥፋቱን በሙቀት ያመካኛሉ፤ ዋናው ምክንያት ግን ምቱ የተመታውን ገጽ መዘርጋቱ ነው። ለእነዚህ ጥንካሬው ከ3 እስከ 4 የሆነ የፕላስቲክ ቅንጣት፣ ወይም ከዚያም የለሰለሰው ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሻላል። ሶዳው ቀለም እንጂ ዝገት አያነሣም፤ ከሥራው በኋላም በውኃ በደንብ ካልታጠበ አዲሱ ቀለም ይላጣል።

እንደ ቴስታታና ካርቡሬተር ላሉ የአሉሚኒየም ክፍሎች ክብ የብርጭቆ ቅንጣት በዝቅተኛ ግፊት ይበጃል። የብረት ፍርፋሪ ፈጽሞ አይረጭባቸው፤ በገጹ ላይ ተሰክቶ ይቀርና ይዝጋል። የዘይት መተላለፊያዎችም አስቀድመው ይደፈኑ፤ በውስጥ የቀረች አንዲት የብርጭቆ ቅንጣት ኩሽኔታ ታበላሻለችና።

ከሲሊካ ነጻ የሆነ ቅንጣት ሁሉ ከአደጋ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ፣ በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። የፍሬን ክፍሎች በአየር አይነፉ፤ አይረጩም። ማሽን መግዛት የግድ ከሆነም ብናኙን የሚስብ መሣሪያ ያለው የተዘጋ ሣጥን ይገዛ፤ ሠራተኛው ከውጭ ቆሞ በጓንቱ እጁን አስገብቶ ይሠራበታል። ነጠላ ወይም የጨርቅ ጭምብል አፍንጫ ላይ ማሰር ይህን ብናኝ አያቆምም። ኮምፕረሰሩ ለማሽኑ በቂ አየር መስጠቱና የአየሩን እርጥበት የሚያስቀር ማጣሪያ መኖሩም ከግዥ በፊት ይረጋገጥ፤ እርጥብ አየር ቅንጣቱን ያጓጉላል፣ ብረቱንም ወዲያው ያዝገዋል።

እኛ እንደምናየው ለጀማሪ ማሠልጠኛ በመጀመሪያው ዓመት ማሽኑ ራሱ ባይገዛ ይመረጣል። በውኃ እየረጠበ የሚፈተግ የብርጭቆ ወረቀትና ኬሚካል ቀለም ማስለቀቂያ፣ ጓንትና መስኮት ካልጠፋ፣ ብዙውን ሥራ ይሠራሉ።

አንድ ነገር በመንገዳችን እናንሣ። ማሽኑ በአጥቢያው ሲገኝ «አሮጌውን ጽና፣ የነሐሱንም መስቀል እናጽዳበት» የሚል ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አትፍቀዱ። የተቀረጸውን ሐረግና ጽሑፍ፣ ዘመን ያወረሰውንም ገጽ በደቂቃ ውስጥ ይበላዋል፤ የጠፋውም አይመለስም። ንዋያተ ቅድሳት በቅርስ ባለሙያ ይታዩ።

ከእንግዲህ የመርጫ ማሽን ላለበት ዕቅድ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ የቅንጣቱን ስም፣ ነጻ ሲሊካው ከመቶ ከአንድ እጅ በታች መሆኑን የሚያሳይ የአምራቹን የደኅንነት መግለጫ፣ የብናኝ ማጣሪያውንም በየጊዜው የሚለውጠውን ሰው ስምና የተያዘለትን በጀት። ሦስቱ ያልተሟሉለት ዕቅድ ለማሟያ ወደ አጥቢያው ይመለሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።