«ደህና ነኝ» ስለ ማለትና ስለ አረጋውያን ጤና የተነገረ ቃል



ጉርድ ሾላ የሚለው የሰፈራችሁ ስም ሰሙ የተቈረጠ ዛፍ ነው። ሾላ ግን ግንዱ ቢወድቅ ከጉቶው ደግሞ የሚያቈጠቍጥ ዛፍ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የቅኔ ተማሪ ቢሆን ወርቁን ከዚያው ያወጣው ነበር፤ ሽማግሌ ማለት ጕልበቱ የተቈረጠ፥ ሥሩ ግን ያልደረቀ ሰው ነውና። ይሁን እንጂ ለዚህ ለኢዮቤልዩ በዓል የታሰበው ነገር ቅኔ አይደለም። በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ጤናቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ፥ ይልቁንም በእነርሱና በልጆቻቸው መካከል የሚመላለሰው ወሬ እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

ቀድሞ ደብዳቤ ሲጻፍ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ሳይባል ወደ ጕዳይ አይገባም ነበር። የሚያጽፈው ሰው ታሞ ከአልጋ ላይ ሆኖ ቢያጽፍ እንኳ ያንኑ ቃል ያስጽፍ ነበር። ዛሬ ደብዳቤው ቀርቶ በስልክ ተተክቷል፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም። እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከአሜሪካ፥ ከካናዳ፥ ከአረብ አገር ስልክ ይደወላል። ልጁ «እማዬ እንዴት ነሽ» ይላል። እናት «ደህና ነኝ ልጄ፥ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ስለ ብርዱ፥ ስለ ልጆቹ ትምህርት፥ ስለ ጎረቤት ሠርግ ይወራል፤ ስልኩም ይዘጋል። እናት ግን የደም ግፊት መድኃኒቷ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል፤ ወይም ያለው እንዲበረክትላት አንዱን እንክብል ለሁለት ከፍላ ትውጠዋለች። ይህ የአንዲት እናት ታሪክ አይደለም፤ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ልጁም በበኩሉ ሥራ ማጣቱን ወይም መታመሙን ሸሽጎ «ደህና ነኝ» ብሏታል።

ይህ መሸሻሸግ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ከፍቅር የሚመጣ ነው። ስለዚህም ለማረም ያስቸግራል። አረጋውያን ሕመማቸውን የሚደብቁበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ልጆቼን አላስቸግርም በማለት ነው። ሁለተኛው ገንዘብ እንዳይወጣ በማሰብ ነው። ሌላው ደግሞ ከኖሩበት ቤትና ከደብራቸው አውጥተው ወደ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም እንዳይወስዷቸው በመፍራት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሐኪሙ ጾም ይከለክለኛል የሚለው ፍርሃት ነው። ይህ ነገር ካህናትን በቀጥታ የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ይብራራ።

ጾም ለጤናም ይጠቅማል። ባቄላ፥ ምስር፥ ጎመን፥ ጤፍ የልብንና የደም ሥርን ጤና የሚረዱ ምግቦች ናቸው። ነገር ግን የስኳር በሽታ ይዞት ኢንሱሊን የሚወጋ፥ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን እንክብል የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን በማለዳ ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ቢቆይ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ላብ ያጠምቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ንግግሩ ይዘባረቃል፤ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። በቅዳሴ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ሲወድቅ አንዳንዱ ድካም ነው ይላል፤ አንዳንዱም መንፈስ ነው ይላል። አፉን መክፈትና መዋጥ የሚችል ከሆነ በፍጥነት ስኳር የበዛበት ውኃ ወይም ማር ይሰጠዋል፤ ራሱን ከሳተ ግን ያንቀዋልና በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ይህን ዲያቆናትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቢያውቁት የሰው ነፍስ ያድናሉ።

የቀኖና መጻሕፍት የጾምን ሕግ ሲሠሩ በሥጋ ደዌ የተያዘውን ሰው ለይተው እንዳወጡ ካህናት ሁሉ ያውቃሉ። ምእመኑ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ፈቃዱን ለመጠየቅ ያፍራል። ሰባ ዓመት የጾመች እናት «ዘንድሮ አልጾምሽም» መባልን ከሞት ይልቅ ትፈራዋለች። ስለዚህ እርሷ እስክትጠይቅ መጠበቅ አይገባም፤ የንስሐ አባቷ ራሱ አስቀድሞ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ» ብሎ ይጠይቃት። ብዙ ጊዜም ጾሙን ጨርሶ መተው አያስፈልግም። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ይለውጣል፤ የንስሐ አባት የመብያውን ሰዓት ያቀልላል፤ ምግቡ የጾም ምግብ እንደ ሆነ ይቀራል። ጕዳት የሚመጣው ሰው ሁለቱንም ሳያማክር በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ነው።

የጠበሉም ነገር እንዲሁ ነው። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ይጠመቁ የነበሩ ብዙ ሕሙማን እምነት ያጐደሉ እየመሰላቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ይተዉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፥ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስታወቁ። ያ ቃል ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታም ያገለግላል። ሕዝቡ ደም ብዛት የሚለው በሽታ ሳያሳምም ኖሮ ድንገት ሰውን በአንድ ጎኑ ሽባ የሚያደርግ ነውና፥ «ዛሬ ምንም አላመመኝም» ብሎ እንክብሉን መተው ትልቅ ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው ከ5 ግራም ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመክራል። የቤት ሴቶች ይህን ሲሰሙ በወጥ ላይ የሚነሰንሱትን ብቻ ይቈጥራሉ፤ በበርበሬው፥ በሽሮውና በዳቦው ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ግን ይረሱታል።

ስለ እንቅስቃሴ ደግሞ ለጉርድ ሾላ ሰው ብዙ መናገር አያሻም። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት በዚሁ ሰፈር ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ በየካና በእንጦጦ ተራራ የሚሮጡትን ወጣቶች ያላየ የለም። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶን ሲያሸንፍ ዕድሜው 36 ዓመት ነበር፤ ለሯጭ ይህ እንደ እርጅና የሚቈጠር ነው። ከአረጋዊ ግን ሩጫ አይፈለግም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ያዝዛል። ይህም በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። በዚህ ላይ በሳምንት 3 ቀን ሚዛንን የሚያጸና እንቅስቃሴ ይጨምራል። ኪዳን ለማድረስ በእግሩ የሚመላለስ ሰው ሳያውቀው እኩሌታውን ፈጽሞታል።

ነገር ግን ሁሉም አረጋዊ በመቀመጥ የሚጐዳ አይደለም። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተሸክመው፥ ጀርባቸው ጎብጦ ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶች አሉ። ለእነርሱ «ተራመዱ» ብሎ መምከር ስድብ ነው። ለአንዱ የእግር መንገድ መድኃኒት ሲሆነው ለሌላዋ ሸክሙን የሚያወርድላት ሰው መድኃኒቷ ነው።

ስግደትም ለጕልበትና ለወገብ መልካም እንቅስቃሴ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከስግደት ድንገት ሲነሣ ደሙ ወደ ራሱ ቶሎ አይወጣምና ዐይኑ ይጨልምበታል። በጕልበቱ ጥቂት ቆይቶ፥ መቋሚያውን ይዞ ቀስ ብሎ ይነሣ። የቆመውም ሽማግሌ ደክሞት ሲቀመጥ ወጣቱ በክፉ ዐይን አይመልከተው። ውኃም ያስፈልገዋል፤ ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ይቀንሳልና፥ በሚጠጣበት ሰዓት ሳይጠማው እንዲጠጣ ያስፈልጋል።

መውደቅ የሽማግሌ ጠላት ነው። ከ65 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከ3ቱ 1 ያህሉ በየዓመቱ እንደሚወድቅ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ አረጋዊም ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ አኗኗሩ አይመለስም። የሚወድቀውም በተራራ ላይ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ነው፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄድ፥ የምንጣፍ ጫፍ ሲያደናቅፈው፥ ነጠላ ጫማ ሲያንሸራትተው ነው። የዐይን ሞራ ያለበት ሰው ደግሞ ደረጃውን አያየውም። ይህ ሞራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተገፎ ብርሃን የሚመለስበት ሕመም ሲሆን፥ ብዙዎች «እርጅና ነው» ብለው ተቀብለው በጨለማ ይኖራሉ። በዐይን ሕክምናው የታወቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሚገኘው ግን በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ ነው። የጆሮም ነገር አይናቅ፤ የማይሰማ ሰው ከጨዋታ ይርቃል፤ ከጨዋታ የራቀም ሰው ቶሎ እንደሚዘነጋ የዛሬ ሊቃውንት ደርሰውበታል። ከመምህራን መካከል እስከ ሰማንያ ዓመታቸው ቅኔ ሲቈጥሩና ሲያስቈጥሩ ልቡናቸው ሳይደክም የኖሩት ምናልባት በዚሁ ምክንያት ይሆናል፤ ተማሪ ካጠገባቸው አይጠፋምና።

የከተማው ኑሮ ግን ሽማግሌውን ብቻውን አስቀርቶታል። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ልጆች ዕጣ ወጥቶላቸው ወደ አያት፥ ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። እናታቸውን ቢወስዷት አሳንሰር በሌለው 4ኛ ፎቅ ላይ ትቀመጣለች፤ ጕልበቷ ደረጃውን ስለማይችል ከቤተ ክርስቲያንም፥ ከእድርም፥ ከጎረቤት ቡናም ትለያለች። ባይወስዷት ደግሞ በጉርድ ሾላ ብቻዋን ትቀራለች። የባቡሩ መስመር በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ከአያት ወደ ጉርድ ሾላ መምጣት የአጭር ጊዜ መንገድ ሆኖ ነበር፤ ይሁንና ብዙው ልጅ እናቱን በስልክ መጠየቅን መረጠ።

ፈጽሞ የተጣሉትን አረጋውያን ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2002 ዓ.ም. ክቡር ዶክተር ቢንያም በለጠ የመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሚገኘው በአያት በኩል ነው። ከጎዳና ተነሥተው ከገቡት መካከል ልጆች የወለዱ፥ ቤት የሠሩ፥ አገር ያገለገሉ ሰዎች አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ወላጅ ቢቸገር ልጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ነገር ግን ልጇን በፍርድ ቤት የምትከስስ እናት ከየት ትገኛለች? እርሷማ ለሚጠይቃት ሁሉ «ልጄ ደህና ነው፥ ይረዳኛል» ትላለች።

የተባበሩት መንግሥታት በ1983 ዓ.ም. የአረጋውያን ቀን ብለው የወሰኑት ዕለት በኢትዮጵያ አቈጣጠር መስከረም 21 ላይ ይውላል፤ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ብቻ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይላል። ዕለቱ የግሸን ማርያም በዓል መሆኑን ቀኑን የወሰኑት ሰዎች አላወቁም ይሆናል፤ ለደብር ግን ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው ለመጠየቅ ከዚህ የሚሻል ቀን አይገኝም።

ወደ ልጆች ወሬ ስንመለስ፥ የአገሩ ልማድ መርዶን በማለዳ፥ ዘመድ ተሰብስቦ፥ ሰው ደግፎ እንዲነገር ሥርዓት ሠርቶለታል። ይህ ጥበብ ያለበት ልማድ ነው። ዛሬ ግን «ደንግጣ ትሞትብናለች» እየተባለ የልጇ ሞት ለወራት የሚሸሸግባት እናት አለች። እርሷ ደግሞ የስልኩን ዝምታ እያየች ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች፤ ያልተነገራትን በልቧ ታውቀዋለች፤ የምታለቅስበት ሰው ግን አታገኝም። መርዶውን ማዘግየት ደግፎ ለመንገር እስኪሰናዱ ድረስ ብቻ ቢሆን ይገባል፤ ከዚያ በላይ ግን እርሷን እንደ ሕፃን መቊጠር ነው።

እንግዲህ እሑድ ሲደወል የሚጠየቀው ነገር ይለወጥ። «ደህና ነሽ ወይ» ለሚል ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ይልቅስ «ዛሬ ምሳ ምን በላሽ፥ ከማን ጋር በላሽ» ይባል። «የእንክብሉን ብልቃጥ አምጥተሽ ቍጠሪልኝ፥ ስንት ቀርቷል» ይባል። «ግፊትሽ መቼ ተለካ፥ ስንት ነው አሉሽ» ይባል። «በዚህ ወር ወድቀሽ ታውቂያለሽ ወይ» ይባል። ልጁም የራሱን እውነት ጥቂት ቢነግራት እርሷም የራሷን ትነግረዋለች። በቅርብ ያለው የልጅ ልጅ ደግሞ ስልክ ሳይጠብቅ መጥቶ የመኝታ ቤቱን መብራት ያስተካክል፤ የምንጣፉን ጫፍ ያንሣ። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ፥ መድኃኒት የምትወስድ እናት በሐምሌ አጋማሽ ሐኪሟን፥ ከዚያም የንስሐ አባቷን ትጠይቅ ዘንድ የሚሸኛት ሰው ከወዲሁ ይመደብላት።