በሞትና በትንሣኤ መካከል

ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት ሲነገር ሁለት የተለያዩ እምነቶች እንደ አንድ ተቆጥረው ሲቀርቡ ይሰማል። አንደኛው የነፍስ ኢመዋቲነት፣ ማለትም ሥጋ ቢፈርስም ነፍስ በባሕርይዋ አትሞትም የሚለው ሲሆን፣ የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን ሥጋን የነፍስ እስር ቤት፣ ሞትንም መፈታት አድርጎ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው የሙታን ትንሣኤ ነው፤ ይኸውም የፈረሰው ሥጋ በዘመን ፍጻሜ በፈጣሪ ኃይል ይነሣል፣ ሰውም ነፍስና ሥጋው ተዋሕደው ለፍርድ ይቆማል የሚል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ስለ ትንሣኤ ሲናገር ከሰሚዎቹ አንዳንዶቹ ማፌዛቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ አያስደንቅም፤ ከሥጋ ለመላቀቅ ተስፋ ለሚያደርግ ሰው ወደ ሥጋ መመለስ የምሥራች ሆኖ አይሰማውምና።

በትንሣኤ የሚያምን ሃይማኖት ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሰው የሚሞተው ዛሬ፣ የሚነሣው ደግሞ በመጨረሻው ቀን ከሆነ፣ በመካከሉ ያለውን ዘመን የት ሆኖ፣ እንዴትስ ሆኖ ያሳልፈዋል? የሃይማኖቶቹ መልክ ጎልቶ የሚታየው ስለ መጨረሻው ቀን ከሚያስተምሩት ይልቅ ስለዚህ የመቆያ ጊዜ በሚያስተምሩት ነው፤ ሐዘንተኛም ከመቃብር ሲመለስ በልቡ ይዞት የሚመለሰው ጥያቄ ይኸው ነው።

ለጥያቄው ከተሰጡት ጥንታዊ መልሶች አንዱ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም ለረጅም ዘመን ጠፍቶ ሲኖር በኢትዮጵያ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቆጥሮ በገዳማት ሲገለበጥ ቆይቷል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የኩምራን ዋሻዎች በአራማይክ የተጻፉ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ የመጽሐፉ ጥንታዊነት ተረጋገጠ። በ22ኛው ምዕራፍ ሄኖክ በምዕራብ በኩል ታላቅ የዐለት ተራራ ያያል፤ በተራራውም ውስጥ ጥልቅ የሆኑ ስፍራዎች አሉ፤ መልአኩም የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚሰበሰቡባቸው መሆናቸውን ያስረዳዋል። የጻድቃን ነፍሳት የውኃ ምንጭና ብርሃን ባለበት ተለይተው ያርፋሉ፤ በሕይወት ሳሉ ፍርድ ያላገኛቸው ኃጥኣን ደግሞ ለብቻቸው ይቆያሉ። ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው ግን የአቤል መንፈስ ነው፤ ወንድሙ በግፍ የገደለው ይህ ሰው ከሞት በኋላም ዝም አላለም፣ የቃየል ዘር እስኪጠፋ ድረስ ይከሳል። እዚህ ላይ ስፍራው እንደ ጎተራ ነፍሳት ተከማችተው የሚተኙበት አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ክሱ የተሰማ፣ ውሳኔው ግን ገና ያልተነገረ የችሎት ደጅ ነው። የትንሣኤ ተስፋ ከረጅም ዕድሜ ምኞት ይልቅ ከፍትሕ ረኃብ የተወለደ መሆኑን ከዚህ ምዕራፍ የበለጠ የሚያሳይ ጥንታዊ ጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህን መቆያ በስም ለይቶ ያስቀምጣል። የጻድቃን ነፍሳት በገነት፣ የኃጥኣን ነፍሳት በሲኦል ይቆያሉ፤ ከትንሣኤ ሙታን በኋላ ጻድቃን መንግሥተ ሰማያትን ይወርሳሉ፣ ኃጥኣንም ወደ ገሃነመ እሳት ይወርዳሉ። በዕለት ተዕለት አነጋገር ገነትና መንግሥተ ሰማያት እየተቀላቀሉ ቢነገሩም፣ የመጀመሪያው የማረፊያ፣ ሁለተኛው የዘለዓለም ርስት ስም ነው። የመጨረሻው ፍርድ ገና ስላልተሰጠ በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው በር አልተዘጋም፤ ፍትሐት የሚባለው ጸሎት፣ ስሙ ራሱ «መፍታት» ከሚለው ቃል የወጣ እንደመሆኑ፣ ነፍስ ከኃጢአት እስራት እንድትፈታ የሚቀርብ ልመና ነው። ተዝካር፣ ማለትም መታሰቢያ፣ የሚወጣውም በዚሁ እምነት ነው፤ ቤተሰብ ሠልስቱን፣ ሰባቱን፣ ዐሥራ ሁለቱን፣ ሠላሳውን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ መንፈቁንና ሙት ዓመቱን ይቆጥራል። አርባና ሰማንያ ወንድና ሴት ሕፃናት የሚጠመቁባቸው ቀናትም ናቸውና፣ ሰው ወደዚህች ዓለም ማኅበር የገባበት ቁጥር ከእርሷ ከተለየ በኋላም ይከተለዋል። በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብም ዘንድ ተዝካር በዚሁ ስሙ የታወቀ ሥርዓት ነው።

በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ይኸው የመቆያ ጊዜ አንድ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳትን እስከ ሞት አልጋቸው ድረስ ያወዛገበ ነበር። ዮሐንስ 22ኛ እ.ኤ.አ. በ1331 በአቪኞን በሰጧቸው ስብከቶች የቅዱሳን ነፍሳት ከመጨረሻው ፍርድ በፊት የእግዚአብሔርን ገጽ በፍጹምነት አያዩም ብለው አስተማሩ፤ የነገረ መለኮት ሊቃውንትም ስለተቃወሟቸው በ1334 ከማረፋቸው በፊት አሳባቸውን መለሱ። ተተኪያቸው ቤኔዲክቶስ 12ኛ በ1336 የነጹ ነፍሳት ትንሣኤን ሳይጠብቁ እግዚአብሔርን ያያሉ ብለው ወሰኑ፤ ገና ያልነጹትም የሚነጹበት ሁኔታ እንዳለ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ውሳኔው አንዱን ጥያቄ ሲመልስ ሌላውን አክብዷል፤ ነፍስ ደስታዋን አስቀድማ ካገኘች ሥጋ የሚነሣው ምን ሊጨምርላት ነው? የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶች በተቃራኒው ሙታን እስከ ትንሣኤ ምንም ሳያውቁ ያንቀላፋሉ ብለው ስለሚያምኑ ይህ ችግር አይገጥማቸውም፤ ለሙታን መጸለይም በእነርሱ ዘንድ ስፍራ የለውም።

በእስልምና የመካከሉ ጊዜ በርዘኽ ይባላል። ቃሉ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ግርዶሽ ማለት ሲሆን፣ በቁርኣን ሱረቱል ሙእሚኑን ውስጥ ሙታንን እስከሚቀሰቀሱበት ቀን ድረስ የሚጋርደውን ያመለክታል። በሐዲስ እንደሚነገረው ሟች በቀብሩ ውስጥ ሙንከርና ነኪር በተባሉ ሁለት መላእክት ስለ ጌታው፣ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ነቢዩ ይጠየቃል፤ እንደ መልሱም ቀብሩ ይሰፋለታል ወይም ይጠብበታል። ሌላው ሐዲስ ደግሞ የሰው አካል ሁሉ ሲበሰብስ ከጀርባ አጥንት ጫፍ ያለችው ትንሽ አጥንት እንደምትቀርና ሰው ከእርሷ ዳግም እንደሚገጣጠም ይናገራል። የአይሁድ መምህራንም ሉዝ ስለምትባል፣ እሳትም ወፍጮም ስለማያጠፋት የጀርባ አጥንት ተመሳሳይ ነገር አስተምረዋል። ሁለቱም ወገኖች ከመቃብር የሚነሣው ያው ሟቹ እንጂ በምትኩ የተፈጠረ ሌላ ሰው እንዳልሆነ አጥብቀው ለመናገር የመረጡት ምስል መመሳሰሉ እጅግ ያስገርማል።

ትንሣኤን የማያስተምሩ ሃይማኖቶችም የመካከሉን ጊዜ ባዶ አልተዉትም። በሂንዱ ሥርዓት አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ ለዐሥር ቀን የሩዝ ድብልብል እያቀረበ ለሟቹ ረቂቅ አካል እንደሚሠራለት ይታመናል፤ የቲቤት ቡድሂስቶችም ዳግመኛ ልደት እስኪሆን ድረስ እስከ 49 ቀን ለሟቹ ያነባሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ቆጠራዎች የአይሁዱ ልዩ ጥንቃቄ ይታይበታል። ሚሽና በተባለው ጥንታዊ የአይሁድ መምህራን የትምህርት ስብስብ መሠረት ኃጥኣን በገሃነም የሚቀጡበት ዘመን 12 ወር ነው፤ ልጅም ለሞተ ወላጁ ቃዲሽ የተባለውን፣ ስለ ሞት አንዲት ቃል የሌለበትን የምስጋና ጸሎት በምኵራብ ቆሞ ይደግማል። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ቢደግም ወላጁን ከኃጥኣን እንደ ቆጠረ እንዳይሆንበት፣ 11ኛው ወር ሲያልቅ ያቆማል።