ከኋላ የቀረችውን መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ ፈቃድ አግኝታችሁ የመጣችሁም፣ ሳታገኙ ቀርታችሁ ይህን ወረቀት ከጓደኛ እጅ ተቀብላችሁ የምታነቡትም፣ እንኳን ለዛሬዋ ዓርብ አደረሳችሁ። አባታችን ስለ ሩጫችን እንድናገር ሲያዙኝ፣ «እኔ መሮጥ እንጂ መናገር አልችልም» ብዬ ነበር። መሮጡንም ቢሆን በደንብ እንደማልችል የገባኝ በቅርቡ ነው፤ የማጫውታችሁም እርሱን ነው።

ጃብሪያ የምንሠራ ሰባት ሴቶች ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንሮጣለን። ክለብ ትሉናላችሁ እንጂ ማሊያም ሊቀመንበርም የለንም። ሙባረክ አል ከቢር ሆስፒታል አጠገብ እንገናኝና፣ አራተኛውንም አምስተኛውንም ሪንግ ሮድ ሳንሻገር፣ በሰፈሩ ውስጥ ዞረን እንመለሳለን። የቻለች ትሮጣለች፣ ያልቻለች ትራመዳለች። «ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ስትወጡ ስትወርዱ ከርማችሁ ደግሞ ሩጫ?» የሚሉን አሉ። እኔ የምመልሰው፣ «ያኛው ለማዳም ነው፤ ይህ ለራሴ ነው» እያልሁ ነው።

በጥር ወር በባሕሩ ዳርቻ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበርና አራታችን ተመዘገብን። እኔ የአርሲ ልጅ ነኝ። ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ የወጡበት በቆጂ ለቤተሰቦቼ ቅርብ ስለሆነ፣ እግሬ ከእነርሱ የተዋሰው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። መነሻው ላይ ከእኛ ሁሉ ታላቅ የሆነችው፣ እትዬ የምንላት እኅታችን፣ «ቀስ እያልን አብረን እንሂድ» አለችኝ። «እሺ እትዬ» አልኋት። ፊሽካው ሲነፋ ግን ጥያት ሄድሁ። በ29 ደቂቃ ጨረስሁ፤ ሜዳሊያዬን አንጠልጥዬ ፎቶ ተነሣሁ፤ ፎቶውንም ለእናቴ ላክሁ። እትዬ ብቻዋን አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረሰች። ውኃ ሰጠኋት፤ ምንም አላለችኝም።

በመጋቢት እንደገና ሌላ 5 ኪሎ ሜትር ሆነ። በዚያን ቀን ጉልበቴን አሞኝ ስለነበር ከእርሷ ጋር ቀረሁ፤ ከፍቅር የተነሣ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ሦስተኛውን ኪሎ ሜትር እንዳለፍን፣ ወደ ባሕሩ እያየች፣ «ደመወዝ ከተቀበልሁ አራት ወር ሆነኝ» አለችኝ። ቆምሁ። «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አልኋት። «በጥር ልነግርሽ ነበር፤ አንቺ ግን ሮጥሽ» አለችኝ።

እኅቶቼ፣ ያን ጊዜ ሁለት ወር ነበር። እኔ ለ29 ደቂቃ ስቸኩል ሌላ ሁለት ወር ተጨመረባት። ይህንን የምነግራችሁ እርሷ፣ «ለሌሎች ይጠቅማል፣ ተናገሪው» ስላለችኝ ነው።

ማታ ስተኛ ደጉ ሳምራዊ ትዝ አለኝ። የቆሰለውን ሰው አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው አልደበደቡትም፣ አልዘረፉትም። መንገዳቸውን ብቻ ቀጠሉ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

በጀግኖቻችን የተመካሁ እኔ፣ ከደራርቱ ቱሉ የወሰድሁት ፍጥነቷን ብቻ ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከመስመሩ በኋላ ግን ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ2009 በኒው ዮርክ ማራቶን ደግሞ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ስትዘገይ፣ ደራርቱ ወደ ኋላ ዞራ «ነይ፣ አብረን እንሂድ» እያለች አበረታታቻት። ፓውላ መከተል አልቻለችም፤ ደራርቱ ግን ያን ቀን አሸነፈች። መጠበቋ አላስቀራትም።

አሁን ወደ እትዬ ጉዳይ ልመለስ። በኩዌት በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ለዘገየው ለእያንዳንዱ ወርም 10 ዲናር ጭማሪ አለው። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት የ30 ቀን ዕረፍት፣ በቀን ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ተደንግጓል። ፓስፖርታችንንም አሠሪ መያዝ አይችልም። አቤቱታ የሚቀበለው የሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞች ክፍል ነው። እትዬ ይህንን ይዛ መጀመሪያ ከአሠሪዋ ጋር ተነጋገረች፤ አቤት ልትል እንደምትችልም በትሕትና ነገረቻቸው። የሁለት ወሩ ተከፍሏታል። የቀረው ገና ነው፤ እኛም ገና አልተውናትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሕጉ አለ ብላችሁ ሳታስፈቅዱ ከቤት እንዳትወጡ፤ «ጠፋች» ተብሎ ከተመዘገበባችሁ ነገሩ ይከብዳል። ስትወጡም ሲቪል አይዲያችሁ ከእጃችሁ አይለይ። ከእኛ ጋር ለመሮጥ የምትፈልጉም፣ ዓርብ ጾም ነውና ባዶ ሆዳችሁን አትሩጡ፤ ከቅዳሴ በኋላ ቅመሱ፣ ውኃ ጠጡ። ከሰኔ በኋላ ደግሞ ሩጫው ይቆማል። በዚህ አገር በሚትሪባህ በሐምሌ 2016 ሙቀቱ 53.9 ዲግሪ ደርሷል፤ በእንዲህ ያለ ወቅት መሮጥ ራስን መግደል ነው።

አዲስ አበባ ታላቁን ሩጫ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይወጣል፤ ለማሸነፍ የሚሮጡት ከፊት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ሌላው እየዘፈነ፣ የደከመውን እየጎተተ 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል። እኛም አሁን እንደዚያ ተስማምተናል፤ ፍጥነታችን የመጨረሻዋ ሴት ፍጥነት ነው። በየተራም አንዳችን ከእርሷ ጎን ትሆናለች፤ የሚነገር ነገር ካለ የሚሰማ ጆሮ እንዲኖር።

የማትሮጡም ብትሆኑ ይህንን ልለምናችሁ። ዛሬ ከመበተናችን በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ትመጣ የነበረች፣ አሁን ግን የጠፋች ማን ናት? ዛሬውኑ ደውሉላት። «ደኅና ነኝ» ስትላችሁ ቶሎ ስልኩን አትዝጉ። ትንሽ ቆዩ። እትዬ ደኅና ነኝ ትለኝ ነበር።

እግዚአብሔር ሁላችሁንም ለአገራችሁና ለልጆቻችሁ ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።