ታፔላው ይነበባል ወይ?

የክቡራንና የክቡራትን ዝርዝር የመድረክ መሪው አሟልተው ስለጠሩልኝ አልደግመውም። የተጠራችሁም ስማችሁ የተዘለለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋዋን ለብሳችሁ ከጠዋት ጀምሮ ፎቶ ስትነሱ የቆያችሁ ተመራቂዎች፣ ሳሮ! የዳሞታ ተራራ ደመናውን ጠምጥሟል፤ ዝናቡ ሳይደርስብን ለመጨረስ እሞክራለሁ።

መጀመሪያ ከወላጆች ጋር የምነጋገረው አለኝ። ልጃችሁ ሥዕልና ዲዛይን ልማር ሲላችሁ «ሥዕል ይበላል እንዴ?» ያላችሁ እዚህ መካከል እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኔም አባት ብለውኛል፤ አልተቀየምኳቸውም። በኛ አገር ልጅ ዶክተር ይሆናል፣ ኢንጂነር ይሆናል፣ ካልሆነም ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ተምረው እንዲመለሱ ነበር። እሳቸው ግን ሥዕል ተምረው መጡ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት የእሳቸው ሥራ ነው። ማዕድኑን ሌላ ሰው ይቆፍረዋል። እና እናቶች፣ አባቶች፣ ዛሬ ልጃችሁን ስታቅፉ «ቀጥሎስ ምን ልትማር ነው?» እያላችሁ አታስጨንቁት። ተምሯል፤ ይኸው ተመረቀ።

ተመራቂዎች፣ ይህን ያልኩት ሁላችሁም አፈወርቅን ትሆናላችሁ ለማለት አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከመሠረቱ ወዲህ ስንቱ ተመርቋል! በስም የምናውቃቸው ጥቂቶች ናቸው። ከመምህራኑ ገብረ ክርስቶስ ደስታን እናውቃለን፤ እስክንድር ቦጎሲያንን እናውቃለን። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢያናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ አዳራሽ ሲኖራት ሥራዎቹን ብቻውን አቅርቦበታል። ኩሩበት። የቀረው ግን የት ደረሰ ብትሉ፣ አስተማረ፣ ማተሚያ ቤት ገባ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ሠራ፣ ታፔላ ጻፈ። ከናንተም የሚበዛው የሚውለው እዚያ ነው። ሰኞ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ሥራ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የቡና ማሸጊያ፣ ባነር፣ የሱቅ ስም ነው። ይህን የምለው ላሳዝናችሁ ብዬ አይደለም። ከተማችን ሶዶ ጋለሪ ገብታ ሥዕል አታይም፤ ታፔላ ግን ሳታነብ የምትውልበት ቀን የለም።

እኔ ከታፔላ ነው የመጣሁት። በደርግ ጊዜ፣ ሱሪዬ ገና ከጉልበት በላይ ሳለ፣ እዚሁ ሶዶ አንድ ታፔላ ጸሐፊ ዘንድ ቡሩሽ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሱም። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል፣ መደቡን ቀለም ይቀቡና ሁለት ቀን ያደርቁታል፣ ከዚያ ስፓጎ በጠመኔ ያሹና እኔን አንዱን ጫፍ አስይዘው ክሩን ጠብ ያደርጉታል፤ ነጭ መስመር ይወጣል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ፊደሉ በሁለቱ መስመሮች መካከል ይኖራል። እርሳስ በእጃቸው ከመግባቱ በፊት ግን ረጅም ጊዜ ቆመው ያያሉ። «ፊደል ሁሉ እኩል ቦታ አይፈልግም» ይሉ ነበር። «ሱ» ክንዷን ወደ ቀኝ ስለምትዘረጋ ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል ራቅ ያደርጉታል። በማስመሪያ ለክተው እኩል የሚያስቀምጡ ሌሎች ነበሩ፤ ጋሼ ታፔላቸውን አይተው «ጥርሱ የወለቀ ሰው» ይሉታል።

ይህ ሁሉ ግን የእጅ ሙያ ነው፤ ላወራችሁ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ የሚያደርጉትን ነው። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት የነበራቸው አንዲት እናት ነበሩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. እንደተጀመረ ማታ ማታ ተምረው ሰርተፊኬት ተቀብለዋል። ዘመቻው ወላይትኛን ጨምሮ እስከ 15 በደረሱ ቋንቋዎች ነበር የተካሄደው፤ ያኔ ወላይትኛውም የሚጻፈው በዚሁ በ«ሀ ሁ» ነው። እትዬ ጎበዝ አንባቢ አልነበሩም፤ ጋሼ የፈለጓቸውም ለዚህ ነው። ታፔላው በእርሳስ ተነድፎ ሲያልቅ፣ ቀለም ሳይነካው፣ በሩ ላይ ያቆሙትና «እትዬ፣ ኑ እስቲ!» ይላሉ። እሳቸው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ይወጣሉ፤ ወደ እኛ ግን እንዲሻገሩ አይፈቀድላቸውም። እዚያው ማዶ ቆመው ያነባሉ። ሳይደናቀፉ ከዘለቁት ቀለም ይቀባል። ከተደናቀፉ እርሳሱ ይጠፋል። ደንበኛው ቢቸኩል፣ ሊቀ መንበር ቢሆን፣ ጋሼ ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን «ኅብረት ሱቅ» የሚል ትልቅ ሥራ መጣ። ቀይ መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ የቀበሌ ትእዛዝ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው አቆሙት። እትዬ ወጡ። «ኅ፣ ብ፣ ረ፣ ት፣ ሱ፣ ቅ» አሉ፤ አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርገው። ከዚያ ዝም። እንደገና ጀመሩት፤ «ኅብረትሱቅ... ኅብረትሱቅ ምንድን ነው?» መንገደኛው ቆሞ ሳቀ። የቀበሌው ሰውዬም ሳቀና «ማንበብ ሳይችሉ ሰርተፊኬት የሰጣቸው ማነው?» አለ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። እትዬ በሳቁ አልደነገጡም፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ሁለት ነጥቡን ምን በላው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በተማሩበት መጽሐፍ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ነበረ፤ እዚህ የለም፤ ክፍተቱ ደግሞ ጠባብ ነው። የተማረው ሰው ቃሉን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ዓይኑ ጉድለቱን ይዘለዋል። ጋሼ ሰውዬውን «ነገ ተመለስ» አሉትና ጨርቅ አርጥበው ንድፉን ከዳር እስከ ዳር አጠፉት። በማግስቱ ፊደሎቹ ትንሽ ጠበብ ብለው፣ ሁለቱ ቃላት ተራርቀው፣ በመካከላቸው ሁለት ክብ ነጥቦች ተቀምጠው ወጡ። ነጥቦቹን ጋሼ ቢጫ ቀቧቸው። ለምን ቢጫ? ብዬ ብጠይቃቸው «የእትዬ ናቸው» አሉኝ። ያ ታፔላ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ እዚያው ተሰቅሎ ነበር።

ዛሬ በመማሪያ መጽሐፋችሁ ይህን ነገር የተጠቃሚ ሙከራ ይሉታል፤ ፈተና ላይም መጥቶላችሁ ይሆናል። ጋሼ ስሙን አያውቁም ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ በተማርኩባቸው ክፍሎች ሁሉ ከእሳቸው የበለጠ የዲዛይን መምህር አልገጠመኝም፤ የቀለም ንድፈ ሐሳብ አስተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ልቆጣ ነው። ከመናኸሪያው ተነሥታችሁ እስከ ገበያው በእግራችሁ ሂዱና ወደ ላይ እያያችሁ አንብቡ። ሶዶ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከሳውላ የመጣ መንገደኛ ይወርድባታል። ታፔላዎቻችን በሦስት ቋንቋ ይጻፋሉ፤ ወላይትኛው በላቲን፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛው እንደገና በላቲን። ይህ እንዴት ያለ የሚያምር ፈተና ነው! ብዙ ጊዜ ግን ምን ይደረጋል? የወላይትኛው ቃል ድምፁ ሲረዝምና ሲጠብቅ ፊደሉ ስለሚደገም ይረዝማል። ያ ሲሆን ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ በመዳፊቱ ጫፉን ይዞ ይጨመድደዋል። አማርኛው አጭር ስለሆነ ደግሞ ይለጥጠዋል። አንዱ ከስቶ ሌላው አብጦ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይቆማሉ። አልበቃ ሲለው ከተደገመው ፊደል አንዱን ይነቅላል። በወላይትኛ አናባቢ መርዘሙና ማጠሩ ትርጉም ይለያል፤ አንድ ፊደል የነቀለ ሰው የሌላ ሰው ቃል ላይ እጁን እያስገባ ነው።

ይህች ከተማ ደግሞ በዚህ ነገር አትቀልድም። ከናንተ ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ፣ በ1992 ዓ.ም.፣ «ወጋጎዳ» ተብሎ ከአራት ሕዝቦች ቋንቋ በተቀላቀለ አጻጻፍ የተዘጋጀ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ሶዶ ተነሣች። ሰው ሞተ። መጻሕፍቱ ተነሡ፣ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። እናቶችና አባቶች ከኔ በላይ ታስታውሱታላችሁ፤ አላስረዝመውም። ሰው የሞተበትን ጽሑፍ ለባነሩ ስፋት ሲሉ መጨምደድ ግን ነውር ነው። በቃ፣ ነውር ነው።

ፊደላችን ራሱ ብዙ ተንከራቷል። በማተሚያ የታተመው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ያሳተመው ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነበር። እኛ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን እስከምናቋቁም ድረስ፣ እስከ 1914 ዓ.ም. ማለቴ ነው፣ ከ400 ዓመት በላይ አለፈ። ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት በዩኒኮድ ውስጥ ፊደላችን የገባው ገና እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬም አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለመጻፍ የፎንት ምርጫችሁ ሲበዛባችሁ፣ ለአማርኛው ያቺኑ አንድ ሁለት ፎንት ትደጋግማላችሁ። ይገዙ ብሥራት በእጃቸው የቀረጿቸው ፊደሎች በስማቸው የኮምፒውተር ፎንት ሆነዋል፤ ፈልጋችሁ ተመልከቷቸው። ወሰኔ ኮስሮፍ አሜሪካ ተቀምጦ ፊደልን እየበተነና እየሰበሰበ የዓለም ሙዚየሞች የሚሰበስቡት ሥዕል ሠርቶበታል። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖስተር የምታሠሩ አላችሁ። እስቲ በዘመን መለወጫችን ስም «ጊፋታ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፖስተር ሥራልኝ በሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል የሚመስል፣ የትኛውም ቄስ የማያነበው ነገር ይሰጣችኋል። ማሽኑ ያላወቀውን እናንተ ታውቃላችሁ። ይህ ዕድል እስከ መቼ እንደሚቆይ እንጃ፤ ተጠቀሙበት።

ስለ ባህል ጨርቃችን ስለ ዱንጉዛም አንድ ነገር ልበል፤ ዛሬ ካልተናገርኩ መቼ እናገራለሁ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን የማይወድ የለም። ግን የሐሳብ ድህነት መሸፈኛ አታድርጉት። የመድኃኒት ቤት ባነር ሲሆን ዱንጉዛ፣ የስብሰባ ባነር ሲሆን ዱንጉዛ፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ጠርዝ ላይም ዱንጉዛ አይቻለሁ። አንዳንዱ የቀለሙን ቅደም ተከተል እንኳ ከሸማኔው አልጠየቀም፤ ከኢንተርኔት ቆርጦ ለጠፈው። ቀና ብላችሁ ከኋላዬ የተሰቀለውን ባነር እንዳታዩት፤ ኮሌጁ ጋብዞኝ እንዲህ ማለት አይገባኝም። አያችሁት አይደል? «እንኳን» የሚለው ቃል በሁለት መስመር ተከፍሏል።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የዕይታ ጥበብ በአንደኛ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗልና ከናንተ መምህር የምትሆኑ ትኖራላችሁ። ለነሱ አንድ ልመና አለኝ። ሕፃናቱን ዘንባባና የምትጠልቅ ፀሐይ አታስገልብጧቸው። እንሰት ጓሮ ሞልቷል፤ የእንሰትን ቅጠል አይተው ይሳሉ። ፊደልንም ይሳሉ፤ አንድ «ሐ» ብቻ ገጹን ሞልታ እስክትወጣ። ልጁ ያኔ ፊደል ቅርጽ እንዳለው ያያል።

እንግዲህ ዝናቡ ጠብ ማለት ጀምሯል። የመጨረሻው ለባለ ሱቆች፣ ለባለ ሆቴሎችና ለቢሮ ኃላፊዎች ነው፤ ከፊት ወንበር ላይ አያችኋለሁ። ለጊፋታ ብዙ አልቀረም፤ ሁላችሁም ባነር ታሠራላችሁ፣ ታፔላ ታድሳላችሁ። እነዚህን ልጆች ጥሯቸው። ስትጠሯቸውም «ለዛሬ በነፃ ሥራልኝ፣ ስምህ ይታወቅልሃል» አትበሏቸው። ግማሹን ቀብድ ስጧቸው፣ ቀሪውን ሥራው ሲያልቅ ክፈሏቸው፤ ከመንገዱ ማዶ ቆመው የሚያስነብቡበት አንድ ቀንም ጨምሩላቸው። ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።