ቀለሙን ከየት አመጣችሁት?



አድማጮቼ፣ ሰሞኑን በስልክም በጽሑፍ መልእክትም አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣብኛል። «የምወደው ቀለም ሐምራዊ ነው፤ ጠባዬ ምን ዓይነት ነው?» «እጮኛዬ ቀይ ይወዳል፤ ቁጡ ይሆን እንዴ?» በቅርቡ የደወለልኝ ወጣት ደግሞ አንጀቴን በላው። ከሸሚዝ እስከ ጫማ ጥቁር ነው የሚለብሰው። እናቱ «ምን ሟርት ነው? ማን ሞተብህ?» ይሉታል። ጓደኞቹ ጨለምተኛ ብለውታል። ስልኩ ላይ ያገኘው ፈተና ደግሞ «ብቸኝነት ያጠቃሃል» ብሎ ፈረደበት። «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አይደለም ወንድሜ። ዛሬ ይህን ነገር እንገላገለው።

ቀለም አስመርጦ ጠባይ መናገር የቆየ ነገር ነው። ማክስ ሉሸር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ባለ ቀለም ካርዶች አዘጋጅቶ፣ ሰው እንደ ምርጫው ሲደረድራቸው ማንነቱ ይታወቃል አለ። ፈተናው ብዙ አገር ዞረ። ኋላ ከሌሎች የሥነ ልቦና መመዘኛዎች ጋር ሲያስተያዩት ግን አልገጥም አለ። እስቲ አሁን «አንዳንዴ ብቻህን መሆን ትወዳለህ» ቢባል፣ «እኔስ የለሁበትም» የሚል ማን አለ? ፈተናው የሚያስገርመን ለሁሉም የሚሆን ነገር ስለሚናገር ነው።

እኔን ያሳመነኝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣ ጥናት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ ስቴፈን ፓልመርና ካረን ሽሎስ 32 ቀለሞች አዘጋጁ። አንዱን ቡድን «የቱን ምን ያህል ትወዳላችሁ?» አሉት። ሌላውን «ይህን ቀለም ስታዩ ምን ምን ነገር ይመጣላችኋል?» ብለው ጠየቁ። ሦስተኛው ቡድን እነዚያን ነገሮች ምን ያህል እንደሚወዳቸው ተናገረ። ሲደመር፣ አንዱ ቀለም ከሌላው በልጦ ከተወደደበት ምክንያት 80 በመቶ ያህሉ ቀለሙ የሚያስታውሰው ነገር ሆኖ ተገኘ። ሰማያዊ ሲታይ ጥርት ያለ ሰማይና ንጹሕ ውሃ ይታሰባል፤ ተወደደ። ቡናማ ሲታይ የበሰበሰ ነገር ይታሰባል፤ ተጠላ።

እስቲ ይህን ሄዳችሁ ለኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ንገሩት! ቡናማና ቢጫ ማሊያውን ለብሶ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ሲጨፍር የዋለ ሰው፣ ቡናማ አስቀያሚ ነው ብትሉት ሰላም አትለያዩም። ደግሞም አልተሳሳተም። እነ ሽሎስ የበርክሌይንና የስታንፎርድን ተማሪዎች ሲጠይቁ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ተማሪው ዩኒቨርሲቲውን በወደደ ቁጥር የዩኒቨርሲቲውን ቀለሞች አብልጦ ይወዳል።

አንዲት ጎረቤታችን ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ከል ለብሰው ከረሙ። ዓመቱ ሲወጣ ልጆቻቸው የሐበሻ ቀሚስ ሊገዙላቸው ሽሮ ሜዳ ሲወስዷቸው እኔም አብሬ ሄድኩ። ባለሱቋ ቀሚሶቹን እየዘረጋች «እማማ፣ አሁን የሚለበሰው ይሄ ወርቃማ ጥለት ነው» ትላለች። ወርቃማውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት። ወይን ጠጁንም ገፉት። ከሥር ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ጥለት ብቅ ሲል ጎትተው አወጡትና በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ይቺ የበራችን ናት» አሉ። ሟቹ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ የቆርቆሮ በራቸውን በዚያ ቀለም ይቀቡት ነበር። በዚያ ዓመት የቀባው የለም። ባለሱቋ «ለእርስዎ ትንሽ አልደመቀም?» ብትላቸው፣ «አንቺ ምን አውቀሽ!» አሏት።

እውነትም ምን ታውቃለች? ለእሷ የሚሸጥ ጥለት ነው፤ ለእሳቸው ትዳራቸው ነው። ቀለም እንደ ታጠነ ጋን ነው አድማጮቼ፤ ሽታው ያጠኑበት ወይራ እንጂ ሸክላው አይደለም። ስለዚህ «ሰማያዊ የሚወድ ሰው እንዲህ ነው» የሚላችሁን አትስሙት። የእኚያ ሴትዮ ሰማያዊ ሌላ ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ቢገኝ ሌላ ታሪክ አለው።

እኔ ራሴ ግራጫ እወዳለሁ። ባልደረቦቼ «አመዳም» እያሉ ያሾፉብኛል፤ ይበሉ። የሐምሌ ሰማይ ግራጫ ሲለብስ ትምህርት ቤት ተዘግቷል ማለት ነበር። ክረምቱን ሙሉ ነፃ ነን፤ ከሰል ላይ በቆሎ እሸት አለ። እንግዲህ ይህን ማን ጨለማ ይለዋል?

ጥቁር ለባሹን ልጅም «ከየት አመጣኸው?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ ታላቅ ወንድሙ ለሥራ ዱባይ ሲሄድ ጥቁር ጃኬቱን እንደተወለት ነገረኝ። ያኔ እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍንበት ነበር፤ አሁን ልክ ሆኖታል። ከዚያ በኋላ የገዛው ልብስ ሁሉ ጥቁር ነው። እናቱ በጥቁር ውስጥ ለቅሶ ቤት ያያሉ፤ እሱ ወንድሙን ያያል። ስለ አንድ ቀለም የተጣሉ መስሏቸው፣ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ቴክኒሺያናችን በመስታወቱ በኩል ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፤ ልፍጠን።

መምህራን፦ ቅጠሉን ቡናማ የቀባ ሕፃን ላይ አትቆጡ። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያስቸግራቸው ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። ቁጣውን ትታችሁ ዓይኑን አስመርምሩት። ባለትዳሮች፦ ስለ ሳሎን ግድግዳ ቀለም ከመጨቃጨቃችሁ በፊት፣ ያደጋችሁበት ቤት ግድግዳ ምን ይመስል እንደነበር ተጠያየቁ። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ይቀራል። ደግሞ የድሮው ቀለማችሁ ዛሬ ካላማራችሁ አትደንግጡ፤ ኑሮ ሲቀየር ይቀየራል።

የልጁ እናት እየሰሙኝ ከሆነ፣ እማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ይህ ጃኬት የማን ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ሌሎቻችሁም ሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ቀለሙን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ለሚቀጥለው ሳምንትም ጻፉልኝ፤ ግን የቀለሙን ስም ብቻ ልኮ «ጠባዬን ንገረኝ» የሚለኝን አላነብለትም፤ ከአሁኑ ተናግሬአለሁ!

ደህና ሰንብቱ።